ከታች የታየ አገር

ኦባዲያ ተርኬል ዕድሜውን ሙሉ ዋሽቶ አያውቅም ማለት ራሱ ውሸት ነው። የሚስቱ እኅት ድሩሲላ የምትጋግረው ኬክ ይጥማል ብሎ ይናገር ነበር፤ ያውም በየወሩ፣ ያውም በሞላ አፉ። መዳብ ላይ ግን ዋሽቶ አያውቅም።

ሠላሳ ስድስት ዓመት በእንግሊዝ አገር፣ ክለርከንዌል በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ የካርታ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ወደ ሰሜን በሚያየው መስኮት ሥር ተቀምጦ ኖረ። ሥራው ሌሎች ሰዎች በመርከብ እየዞሩ የለኩትን የባሕር ዳርቻ መዳብ ሰሌዳ ላይ መቅረጽ ነው። ዐለቱ እዚህ ነው ካሉት እዚያው ይቀርጸዋል፤ አላየነውም ካሉት ባዶውን ይተወዋል። ያየን ይመስለናል ብለው የተጠራጠሩ እንደሆነ ደግሞ ከዐለቱ አጠገብ በደቃቅ ፊደል «ያልተረጋገጠ» ብሎ ይጽፋል። ከቃላት ሁሉ አብልጦ የሚወዳት ይህችን ነበር። እሱ ራሱ ባሕር ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ አንደኛው ቀን ጭጋግ ነበር።

ካርታ ቀራጺ የሚሠራው ሁሉ ግልብጥ ነው። ሰሌዳው ላይ ግራ የሆነው ወረቀት ላይ ሲታተም ቀኝ ይወጣል፤ ስለዚህ አገሩም፣ ወንዙም፣ ፊደሉም ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። ኦባዲያ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ሲጽፍ ስለኖረ፣ በቀና የጻፈው ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር። ኬዚያን ለማግባት ሲያስብ የጻፈላት የመጀመሪያ ደብዳቤ ሳያውቀው ግልብጥ ሆኖ ነው የደረሳት። እሷም መስታወት ፊት ቆማ አነበበችው። «ደብዳቤህን ሳነብ የማየው የራሴን ፊት ነበር፤ ምን ላድርግ፣ እሺ አልኩ» እያለች ስታሾፍበት ሠላሳ ዓመት አለፈ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የመዳብ ወለምታ ግን በመዶሻ ይታሻል። የተሳሳተው መስመር ይፋቃል፤ ሲፋቅ ይጎደጉዳል። ከዚያ ሰሌዳው በፊቱ ይደፋና፣ ጉድጓዱ በጀርባ በኩል የት ላይ እንደሚውል ባለ ሁለት እግር በሆነ መለኪያ ተፈልጎ፣ ከኋላ በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው፤ መዳቡ ሽቅብ ይነሣል። ያንን በከሰልና በዘይት አሽተው ካለሰለሱት በላዩ እንደገና ይቀረጻል። በዚያ ቤት ከኦባዲያ የተሻለ የሚመታ አልነበረም። የስንቱ ሰው ስህተት በእሱ መዶሻ እንደጠፋ እሱም አይናገር፣ የተሳሳቱትም አይናገሩ።

የቤቱ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ቤቱ ይፈርማል፣ እጅ አይፈርምም። በካርታው ግርጌ የሚወጣው የባለቤቶቹ ስም ብቻ ነው። ኦባዲያ በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። ቅር ያላት ኬዚያ ናት፤ ምክንያቷም ድሩሲላ ነበረች።

ድሩሲላ ታላቋ ናት። ባሏ ሄዝልታይን ኢዝሊንግተን ላይ ሻይና ቅቤ ይነግዳል፤ ከሱቁ በር በላይ ስሙ ክንድ በሚያህል የወርቅ ቀለም ፊደል ተጽፏል። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ኬኳን ይዛ ትመጣና፣ ኮፍያዋን ሳታወልቅ ያቺን ጨዋታ ታነሣለች።

«እኔ እምልሽ ኬዚያ፣ የባልሽ ስም የት ነው የተጻፈው?»

«የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ላይ ነዋ እትዬ። ያንቺን ባል እዚያም አያውቁት።»

«እስቲ ተይኝ። ሰው ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ስሙን የሚያገኘው መቃብሩ ላይ ከሆነ፣ ምን ሠራ ይባላል?»

ኬዚያ ትስቃለች፤ እኅቷ ስትሄድ ግን ሳህኑን ከሚገባው በላይ እያሻሸች ታጥባለች። ባሏ የሠራውን ካርታ ይዞ ስንት መርከብ በደኅና ገብቶ እንደወጣ ታውቃለች፤ ለሰው የምታሳየው ግን የላትም። አንድ ጊዜ ብቻ ስሙ ታትሞ ባየሁ ትላለች። ምኞቷን ከማንም አልደበቀችም፤ ከእሱም ቢሆን።

ንግሥቲቱ ሃምሳ ምናምን ዓመት በነገሡበት ጊዜ ቤቱ መዳቡን ትቶ ወደ ድንጋይ ኅትመት ዞረ፤ ካርታው ድንጋይ ላይ በቀለም ይሣልና ይታተማል። ድንጋይ ፈጣን ነው፤ መዶሻም አይፈልግም። ኦባዲያን አመስግነው አሰናበቱት፤ የግድግዳ ሰዓትም ሸለሙት። ሰዓቱ በቀን ሰባት ደቂቃ ይቀድማል። ኦባዲያ አላማረረም። በየጠዋቱ ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ እየመለሰው ሁለት ዓመት ኖረ።

ላምበርን የሚባል አሳታሚ በሩን ያንኳኳው ያን ጊዜ ነው። በኬንት ረግረግ ዳር የሚኖሩ ወይዘሪት ፌርብራዘር የሚባሉ ሴት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈጀባቸውን መጽሐፍ አምጥተውለታል። መጽሐፉ ስለ አንድ የሌለ አገር ነው። የሌለው አገር ነገሥታት አሉት፣ የራሱ ቋንቋ አለው፣ ዘንዶም አለው፤ ራኑልፍ የሚባል የጨው ነጋዴ ልጅ ከመንደሩ የተሰረቀውን ደወል ፍለጋ ያንን አገር ከዳር ዳር ያቋርጠዋል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ላምበርን ምን ብሎ እንደሚሸጠው ግራ ቢገባው፣ ካርታ ካለው ሰው ያምነዋል ብሎ አሰበ።

«ማን ለካው?» አለ ኦባዲያ።

«ማንም አልለካውም። አገሩ የለም አልኩዎት እኮ።»

«እንግዲያው ካርታ አይደለም፤ ሥዕል ነው። ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች ከመንገዱ ማዶ አሉልዎት።»

«ስምዎ ከግርጌው ይወጣል፣ አቶ ተርኬል።»

ከጓዳ ይሰማ የነበረው የሳህን ድምፅ ቆመ።

«በየትኛው ዓይነት ፊደል?» አለ ኦባዲያ።

ሥራው በደብዳቤ ተጀመረ። ዝርዝርዎ ከአንድ ሐይቅ ሦስት ወንዝ ይወጣል ይላል፤ ውሃ እንዲህ አያደርግም፤ አንዱን ይምረጡ ብሎ ለወይዘሪት ፌርብራዘር ጻፈላቸው። «በእኔ አገር ያደርጋል» ብለው መለሱ። የወደቡ ጥልቀት ስንት ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ግን በማግሥቱ መልስ መጣ። «ሰባት ክንድ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ አምስት። አፉ ላይ አሸዋ ስላለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።» ኦባዲያ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀን ወዲያ ሴትዮዋን አከበራቸው። ከዘንዶው ተራራ አጠገብ «ያልተረጋገጠ» ብሎ መጻፍ ግዴታው እንደሆነ ሲያስታውቃቸውም አልተቀየሙም። «ትክክል ነዎት፤ ያየው ሰው ተመልሶ አልመጣም» አሉት።

የአገሩን ቅርጽ የሣሉት ስስ ወረቀት ላይ ነበር፤ ቀለሙ ወደ ጀርባው ዘልቆ በሁለቱም ገጽ እኩል ይታያል። ስም አልጻፉበትም። የስሞቹ ዝርዝር በሌላ ደብተር ሆኖ፣ «ወንዙ የሚታጠፍበት ኮረብታ»፣ «ከሐይቁ በላይ ያለው ጫካ» እያለ ይሄዳል። ኦባዲያ ወረቀቱን አገላብጦ አየ፤ ፊቱ ይሄኛው ነው አለ፤ መስመሩ ተገልብጦ እንዲያርፍበት ሰም በተቀባው መዳብ ላይ በፊቱ ደፍቶ አስተኛው። ዕድሜ ልኩን ያደረገው ነው። ስፔን ወይም ኖርዌይ ቢሆን ኖሮ ዓይኑ ወዲያው ያስጠነቅቀው ነበር። ማንም የማያውቀው አገር ግን በየትኛውም ጎኑ ቢያስተኙት ዝም ብሎ ይተኛል።

ስድስት ሳምንት ሠራ። ሰሌዳው ሞላ። በአንዱ ጥግ ርዕሱ፣ በሌላው የርቀት መለኪያው፣ ባሕሩ ላይ የሞገድ መስመርና አንዲት መርከብ፤ ወይዘሪቷ ስለፈለጉም በሦስቱ ጎን የሐረግ ጌጥ። አቅጣጫ የሚያሳየውን ኮከብ ማንም ሳያዘው ራሱ ጨመረ፤ ኮከብ የሌለው ካርታ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ሰሜን ከላይ፣ ምሥራቅ በቀኝ፣ ምዕራብ በግራ። ክፍት የቀረችው ከግርጌው አንድ የክብሪት እንጨት የምታህል ቦታ ናት። እዚያች ላይ ሁለት ቀን ፈጅቶ «በኦ. ተርኬል ተቀረጸ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ቀን የሚፈጅ ሥራ አልነበረም።

ላምበርን የሙከራ ቅጂውን አይቶ ተደሰተ። መጽሐፉን አላነበበውም፤ የሚያነብለት ሰው ቀጥሯል። የሚያነብለት ሰው ደግሞ ካርታ አያይም፤ ሥራው አይደለም። ወይዘሪት ፌርብራዘር ከተጠረዘው መጽሐፍ ጋር ሳያስቡት ቢያዩት ደስ ይላቸዋል ተብሎ ቅጂ ሳይላክላቸው ቀረ።

አንዱን የሙከራ ቅጂ ኬዚያ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። ድሩሲላ በወሩ መጀመሪያ ስትመጣ አፍንጫዋን ወረቀቱ ላይ እስክታስነካ ተጠግታ ስሙን አየች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ትንሽ ናት።»

«ካርታ ነው እትዬ፤ ቅቤ ቤት አይደለም።»

ድሩሲላ የዚያን ቀን ኬኳን እንኳ ሳታስቀምስ ሄደች። ኦባዲያ ይህንንም በስሙ ምክንያት ከመጡለት በረከቶች ቆጠረው።

በሚቀጥለው እሑድ ከምሳ በኋላ ኬዚያ ላምበርን የላከላቸውን የመጽሐፉን ገጾች ጮክ ብላ ታነብለት ጀመር። ኦባዲያ ያልሆነ ነገር ማንበብ አይወድም። መስማት ግን ማንበብ አይደለም ብሎ ራሱን አሳምኖ፣ ጫማውን እየወለወለ ያዳምጣል። ራኑልፍ የሥር ሕዝብ ከሚባሉት፣ ከምድር በታች ከሚኖሩት ሰዎች ካርታ ተቀብሎ መንገድ ጀምሯል።

«‹ፀሐይም በየማታው ፊት ለፊቱ ስትጠልቅ እያየ ዘጠኝ ቀን ሄደ፤ በአሥረኛውም ቀን ከባሕሩ ደረሰ›» ብላ አነበበች።

የጫማው ብሩሽ ቆመ።

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። ኦባዲያ ተነሥቶ ከምድጃው ፊት ቆመ፤ ጣቱን ከራኑልፍ መንደር አስነሥቶ ወደ ምዕራብ ሄደ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ጣቱ ተራራ ላይ ወጣ። ባሕሩ ከጀርባው ነበር።

«ተገልብጧል» አለ።

«ምኑ?»

«አገሩ።»

«የሌለ አገር ደግሞ እንዴት አድርጎ ይገለበጣል?»

«የወረቀቱን ጀርባ ፊት ነው ብዬ ነዋ። እንግሊዝ ብትሆን ይቺ ድመት እንኳ ታውቀው ነበር።»

«ማን ያውቅብሃል ታዲያ?»

«ሴትዮዋ።»

«ሌላስ?»

«ራኑልፍ» አለ ኦባዲያ። «በዚህ ካርታ ከሄደ በአራተኛው ቀን ተራራ ላይ ውሃ ጠምቶት ይሞታል።»

ኬዚያ ልትስቅ አሰበች፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ሰሌዳው ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል። አዲስ ልቅረጽ ቢል ስድስት ሳምንት ነው። ከተናገረ ላምበርን ካርታውን አውጥቶ ይጥለዋል፤ ስሙም አብሮ ይሄዳል። ዝም ካለ ስሙ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን በውሸት ግርጌ ነው። ሁለቱም ይህን ስለሚያውቁት ማንም አልተናገረውም።

«ዝም ብትልስ?» አለች ኬዚያ በመጨረሻ፣ ወደ ገጾቹ እያየች።

ኦባዲያ አሰበበት። ለሚስቱ ሲል ብዙ ነገር ያደርግ ነበር።

«ዝም ማለት እችላለሁ» አለ።

«መቻሉንማ ትችላለህ።» ገጾቹን አስተካክላ ደራረበቻቸው። «የኬንት ባቡር ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»

«ማለዳ ነው።»

«የተጨሰ ዓሣ በዳቦ እጠቀልልልሃለሁ።»

ባቡር ውስጥ አንድ ሐሳብ መጣለት። ኮከቡ ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት፣ ምሥራቅና ምዕራብን፣ ባቀያይራቸውስ? ራኑልፍ ባሕሩን ያገኛል። ግን ሰሜኑ ከላይ ሆኖ ምሥራቁ በግራ የሆነ አገር በምድር ጀርባ ላይ የለም። አንዱን ውሸት በሌላ መሸፈን ነው ብሎ፣ ሐሳቡን ከዓሣው አጥንት ጋር በመስኮት ወረወረው።

ወይዘሪት ፌርብራዘር ስድሳ ያለፋቸው ቀጭን ሴት ናቸው። የቄስ ወንድማቸውን ቦት ጫማ ተጫምተው፣ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አተር ይፈለፍሉ ነበር። ኦባዲያ ኮፍያውን አውልቆ ካርታውን ፊታቸው ዘረጋው።

«ወይዘሪት፣ አገርዎን ገለበጥኩት» አለ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቻቸውን የኖሩበት አገር ነው። ወንዛቸውን አዩ፤ ተራራቸውን አዩ፤ ጣታቸውን አንሥተው ባሕሩ ወዳለበት ሲወስዱት ባሕሩ እዚያ አልነበረም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ኦባዲያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«በጣም ቆንጆ ነው» አሉ ወይዘሪቷ። «ይህን ያህል ቆንጆ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ደግሞም አገሬ አይደለም።»

«አይደለም፣ እመቤቴ።»

ወረቀቱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ጀርባውን ወደ ራሳቸው አዙረው በብርሃኑ ላይ ዘረጉት። በወረቀቱ ውስጥ ዘልቆ አገራቸው ቀና ብሎ ታየ፤ ባሕሩ በግራ፣ ተራራው በቀኝ። ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ቆሙ። ወንድማቸው በአትክልቱ በኩል ሲያልፍ በመስኮቱ ተመለከተና፣ የለመደው ነገር ስለሆነ መንገዱን ቀጠለ።

«አቶ ተርኬል፣ ለራኑልፍ ይህን ካርታ የሰጠው ማነው?»

«አላነበብኩትም፤ ባለቤቴ ስታነብ ነው የሰማሁት። የሥር ሕዝብ ናቸው።»

«የት ይኖራሉ?»

«ከመሬት በታች።»

«ወጥተው ያውቃሉ?»

«ፀሐይ ታሳውራቸዋለች ይላል።»

«እንግዲያው ወንዙን ከየት ሆነው አዩት?»

ኦባዲያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የሰማይ ካርታ መዶሻ ፈልጎ ወደ እጁ መጥቶ ነበር። በሰማይ ካርታ ላይ ምሥራቅ በግራ ነው፤ ከታች ሆኖ ሽቅብ የሚያይ ሰው የሠራው ስለሆነ።

«ከሥሩ ሆነው» አለ።

«ከሥሩ ሆኖ ላየው ሰውስ?»

«ይገለበጥበታል።» ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብሎ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። «ለካ ቀያሽ ነበረው» አለ ቀስ ብሎ። ባለፉት ሁለት ወራት ያስጨነቀው የማን ለካው ጥያቄ በዚህች ቃል ለቀቀው።

ወይዘሪት ፌርብራዘር ወደ አተራቸው ተመለሱ። ሁለቱ ፊደላት ይቀያየሩ፤ አንባቢውም እንዳይጠፋበት ከግርጌው አንድ ዐረፍተ ነገር ይግባ አሉ፤ «የሥር ሕዝብ ከታች ሆኖ እንዳየው» የሚል፣ ጎላ ባለ ፊደል።

«ቦታ አለ?»

ኦባዲያ ካርታውን ማየት አላስፈለገውም።

«አለ» አለ።

«ይበቃል?»

«ልክ ልኩን።»

ስሙን ላምበርን ለእሱ ብቻ ነበር ቃል የገባለት። ሴትዮዋ አያውቁም፤ እሱም አልነገራቸውም። ለኬዚያ የሚሆን አተር ቋጥረው ሰጡት።

ማክሰኞ ጠዋት ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሁለቱ ፊደላት በምሳ ሰዓት አለቁ። ከምሳ በኋላ መፋቂያውን አንሥቶ ወደ ግርጌው ሲሄድ፣ አጠገቡ ካልሲ የምትጠግነው ኬዚያ መርፌዋን አቆመች።

«እዚያ ምን አለ?»

«ዐረፍተ ነገር ይገባበታል።»

«ሌላ ቦታ የለም?»

«የለም።»

«ባሕሩ ላይስ?»

«ባሕሩ ሞገድ ሞልቶታል።»

«ዘንዶው ጋ?»

«ዘንዶው ጋ ‹ያልተረጋገጠ› የሚለው አለ።»

«እሱን አጥፋዋ።»

«እሱ እውነት ነው፣ ኬዚያ።»

ኬዚያ አዘነች። በእኅቷ ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ ይህ ሰው ስንት ዓመት የሌላውን ስህተት ከኋላ እየመታ ሲያጠፋ ኖሮ አሁን የሚያጠፋው ራሱን ነው ብላ ነው ያዘነችው። ለኦባዲያም ሐዘን ነበር። ስሙን ፋቀ፣ ሰሌዳውን ደፋው፣ ቦታውን በመለኪያው አገኘ፣ መታ። ስም ለመቅረጽ ሁለት ቀን የፈጀው ሰው ለማጥፋት አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። በከሰል ሲያሸው ግን አንዴ ቆሞ ሁለቱንም ዓይኖቹን በክንዱ ጠረገ፤ ከሰል ዓይን ውስጥ ይገባል።

ሐሙስ ሰሌዳው ሄደ። ላምበርን ስሙ የት ገባ ብሎ አልጠየቀም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦባዲያ ከምድጃው በላይ ወዳለው ቅጂ እጁን ዘረጋ። የተሳሳተ የሙከራ ቅጂ አይቀመጥም፤ ይቃጠላል። ይህ የሁሉም ካርታ ቤት ሕግ ነው፤ አንድ ቀን ሰው አግኝቶት እንዳይሳሳትበት።

«ቆይ» አለች ኬዚያ። መቀሷን ይዛ መጣች፤ ከግርጌው በኩል የክብሪት እንጨት የምታህለውን ቁራጭ ቆረጠችና የቀረውን ወረቀት ሰጠችው። «የተሳሳተው አገሩ ነው። ስምህ አልተሳሳተም።»

ኦባዲያ ነገሩን እንደ ሙያ ጥያቄ አሰበበት። ስሙን ገልብጦ ቀርጿል፤ ቀንቶ ታትሟል።

«ልክ ነሽ» አለ፤ አገሩን ወደ ምድጃው ጨመረው። መጀመሪያ ተራራው ተቃጠለ፣ ከዚያ ሦስቱ ወንዞች።

መጽሐፉ በመከር ጊዜ ወጣ። የጋዜጣ ሰዎች ታሪኩ ረዘመ አሉ፤ ዘንዶውን ነቀፉ፤ ካርታውን ግን ወደዱት። አንደኛው ከግርጌው ያለችው ዐረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ሁሉ ትበልጣለች፤ የሌለን አገር ከሥሩ ሆኖ ያየ ሰው ማን እንደሆነ ባወቅን ብሎ ጻፈ። ኦባዲያ ይህን አላነበበም። ድሩሲላ ግን አነበበችው፤ በወሩ የመጀመሪያ እሑድም ጋዜጣውን ከነኬኳ ይዛ መጣች።

«ካርታውን ሱቅ ውስጥ አየሁት። ስም የሚባል ነገር የለበትም» አለች ገና ከመንገዱ።

ኬዚያ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። አንድ ወንበር ከቤት አውጥታ መንገዱ ላይ አስቀምጣለች።

«ውጪበትና ከበሩ በላይ እይ።»

«እዚህ መንገድ ላይ? አብደሻል?»

«ወንበር ላይ ካልወጡ አይታይም፣ እትዬ።»

ድሩሲላ ኬኩን ለኬዚያ አስያዘች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። ከመቃኑ በላይ፣ እንጨቱ ላይ፣ የክብሪት እንጨት የምታህል ወረቀት ተለጥፋ የኦባዲያ ቫርኒሽ ተቀብታ ታበራለች። ዓይኗን አጥብባ አየች። ሁለት የሰዓት ሠሪዎች ከማዶ ሆነው ምን እንደሚታይ ለማወቅ አንጋጠጡ።

«ምንም አይነበብም» አለችና ወረደች። «ከመንገድ ማን ሊያየው ነው?»

«ማንም አያየው።» ኬዚያ ኬኩን በሌላኛው እጇ ያዘችው። «ያንቺን ባል ስም ማን ነበር የጻፈው?»

«የሰሌዳ ጻፊው ነዋ። ከሆሎዌይ አስመጥተን።»

«የእኔ ባል ግን ይሄን ራሱ ነው የጻፈው።»

ድሩሲላ መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ኬዚያን ወንበሩን ያዢልኝ ብላ እንደገና ወጣች።